አባቴ ጀርባቸውን ለኮከቡ የሰጡበት ምሽት

እኔ የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ። ኢየሩሳሌምን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀኑን ሙሉ ስመላለስባት ስለምውል፣ መንገድ ጠፋኝ የሚል ሰው ብዙም አያሳዝነኝም፤ ያናድደኛል። ተሳፋሪ ስልኩን ይዞ ከኋላ መጥቶ «አሁን የት ነው ያለነው?» ሲለኝ «እሱ የያዝከው ነገር ምን ሊሠራልህ ነው?» እለዋለሁ። ጠባዬ እንዲህ ነው። አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ እንዳትታዘቡኝ ነው፤ ባትታዘቡኝ ደስ ይለኛል ማለቴ ነው እንጂ መታዘባችሁ አይቀርም።

ስሜ ማለፊያ ነው፤ በሥራ ቦታ ማልካ ይሉኛል። ከሌሎች ቤተ እስራኤሎች ጋር ከወገራ ተነስተን በሱዳን በኩል ስንመጣ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ የሺ ሱዳን መጠለያ ውስጥ ታማ እዚያው ቀረች። ፊቷን አላስታውሰውም። ያሳደጉኝ አባቴ አቶ ይርጋ ናቸው። ሌላ ሴት አላገቡም። ቂርያት ሃዮቨል በምትባለው ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ቀን ደረጃ እየጠረጉ ማታ ፀጉሬን እየጎነጎኑ አሳደጉኝ። ሹሩባው ጠማማ ነበር፤ ግን ሳልጎነጎን ትምህርት ቤት ሄጄ አላውቅም።

እንግዲህ እኚህ ሰው ባለፈው ዓመት ድስት ጥደው ረሱ። ጎረቤት ጭስ አይቶ ነው በሩን የሰበረው። ከዚያ ደግሞ «አባትሽ ጀንበር ስትጠልቅ ሕንፃው ሥር ሣሩ ላይ ብቻቸውን ቆመው ያወራሉ» የሚል ወሬ ደረሰኝ። ምን ይደረጋል፣ እኔ ዘንድ አመጣኋቸው። የምኖረው ኢትዮጵያ መንገድ ከሚባለው ጎዳና ጀርባ ነው፤ ሁለት ክፍል ኪራይ ቤት ሆኖ ከኋላው ድንጋይ የተነጠፈበት ትንሽ ግቢ አለው። በግቢው በአንድ በኩል የብረት በር አለ፣ በሌላው በኩል የእትዬ አስካለ ቤት አጥር። እትዬ አስካለ ጎንደሬ ናቸው፤ ክርስቲያን፤ መንገዱ ላይ ባለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ በጽዳት ያገለግላሉ።

የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ መጥታ አባቴን አነጋገረችና ባለ አራት ገጽ ቅጽ ሰጠችኝ። እኛ እዚህ ቅጽ አንልም፣ ቶፌስ ነው የምንለው። «ለሁለት ሳምንት ያየሽውን ጻፊ። ሐኪሙ ይህን አይቶ ነው የሚወስነው» አለችኝ። ውሳኔው ሁለት ነው። ወይ ቤት ተቀምጠው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ረዳት ይመጣላቸዋል፣ ወይ ቤት አቮት፣ አረጋውያን መጦሪያ፣ ይገባሉ፤ ያውም የመርሳት ሕመምተኞች ከሚኖሩበት፣ በሩ በቁጥር ብቻ ከሚከፈተው ክፍል። እውነቱን ልናገር፤ ግማሽ ልቤ ይግቡ ይል ነበር። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቼ አውቶቡስ የማሞቅ ሰው፣ ማታ ደግሞ ጋዙ ተዘግቷል አልተዘጋም እያልኩ የምባንን፣ ጨርሶ ደክሞኝ ነበር።

እናም ጻፍኩ። ድስቱን ጻፍኩ። የሳምንቱን ቀን እንደሚያሳስቱ ጻፍኩ። «ማታ ማታ በእናቴ ስም ‹የሺ› እያሉ ይጠሩኛል» ብዬ ጻፍኩ። «ሲመሽ ግቢ ወጥተው ይጸልያሉ፣ ግን ፊታቸውን ወደ ቤተ መቅደሱ አቅጣጫ አያዞሩም» አልኩ። በዚህኛው በጣም ነበር የምበሽቀው። አያቶቻቸው ወገራ ሆነው ወደ ኢየሩሳሌም ዞረው የጸለዩ ሰው፣ ኢየሩሳሌም እምብርቷ ላይ ቆመው በተሳሳተ በኩል ይዞራሉ? ቤተ መቅደሱ የነበረበት የጥንቱ ከተማ በብረቱ በር ማዶ ነው፤ በእግር ይደረሳል። እሳቸው ግን ወንበራቸውን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ በጎረቤት ጣሪያና በውሃ ማሞቂያው በርሜል መካከል ሰማይ በሚታይበት ጥግ አስቀምጠው፣ ሽቅብ አየት ያደርጉና፣ ዞረው ለሌላ ግድግዳ ይቆማሉ።

የመጨረሻውን የጻፍኩት ደግሞ አንድ ቀን ከራሳቸው አፍ የሰማሁትን ነው። «የሰሜን ኮከብ እዚህ አገር ከፍ ብሏል» አሉኝ። «ከምን ከፍ ብሏል?» ስላቸው «ከድሮው» አሉ። ኮከብ ፎቅ ይወጣል እንዴ? ይህንን በትልልቅ ፊደል ጻፍኩት።

ሁለቱ ሳምንት አለቀ፤ የሐኪሙ ቀጠሮ በነጋታው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። ቶፌሱ ላይ የቀረኝ አንድ ባዶ መስመር ነው፤ «ሰውየው ያለበትን ቦታና አቅጣጫ ለይቶ ያውቃል?» ይላል። በግምት አልሞላም አልኩ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሾፌር ስልኩ ላይ የሰማይ ካርታ አሳይቶኝ ነበር፤ ስልኩን ወደ ሰማይ ስታነሱት ፊት ለፊታችሁ ያለውን ኮከብ በስሙ የሚጠራ። በነፃ ነው። ጫንኩት። አባቴን በማስረጃ ልፈትናቸው ነው እንግዲህ፣ ጉድ እኮ ነው።

ከሥራ ስመለስ ገና እየጨለመ ነበር። ኅዳር ላይ ከሚውለው ከሲግድ በዓላችን በፊት ያሉት ቀኖች ስለሆኑ ቶሎ ይመሻል። አባቴ ጋቢያቸውን ለብሰው ጥጋቸው ላይ ቆመዋል።

«አባዬ፣ እንደምን አመሹ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሰሜን በየት በኩል ነው?»

ዘወር ሳይሉ አውራ ጣታቸውን በትከሻቸው ላይ ወደ ኋላ ጠቆሙ። «ያው፣ ኮከቡ ካለበት።»

ስልኬን አወጣሁ። እንደ ቦርሳ የሚታጠፍ፣ በማግኔት ጠቅ ብሎ የሚዘጋ ሽፋን አለው። ከፍ አድርጌ ዞርኩ። መጀመሪያ ቀይ ጽሑፍ መጣ፤ ማስታወቂያ መስሎኝ ዘጋሁት። እንደገና መጣ፤ ዘጋሁት። ከዚያ ከዋክብቱ ስልኩ ላይ ፈሰሱ፤ የሰሜን ኮከብ በብረቱ በር አናት ላይ ቁጭ ብሏል።

«አዩ? በበሩ በኩል ነው።»

አባቴ ዞረው በሩን አዩ፣ ሰማዩን አዩ። «እዚያ ላይ ኮከብ የለም።»

«አለ። የከተማው መብራት ደብቆት ነው።»

«ይህኛውን ለምን አልደበቀውም?» አሉ፣ በጣሪያውና በበርሜሉ መካከል የሚያበራውን እያሳዩኝ።

«እሱ ሌላ ኮከብ ነዋ!»

«ልጄ፣ ሌላ አይደለም። እኔ ይህንን ኮከብ ፊት ለፊቴ አድርጌ ስንት ሌሊት ተጉዣለሁ። አንቺን አዝዬ። ስልክሽ ተሳስቷል።»

«ስልኩ ከላይ ከሳተላይት ጋር ነው የሚነጋገረው አባዬ። ስልኩ አይሳሳትም።»

«ታዲያ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። አፌን በቆረጠው። ግን ከጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ የተጠራቀመ ድካም አለ፤ የሁለት ሳምንት እንቅልፍ ማጣት አለ። ደሜ ፈላ።

«አዎ፣ እርስዎ ነዎት!» አልኩ። «እርስዎ እንኳን ሰሜንን፣ ቤተ መቅደሱ በየት በኩል እንደሆነም አያውቁም! ይኸው ሁልጊዜ ማታ ለግድግዳ ይጸልያሉ! ሰው ይስቅብዎታል!»

አባቴ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡት። እኔም ቶፌሱን አውጥቼ፣ ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ባዶው መስመር ላይ «ሰሜንን አያውቁም» ብዬ ጻፍኩ።

«ምንድን ነው ጩኸቱ?» የእትዬ አስካለ ድምፅ ከአጥሩ ማዶ መጣ። ወዲያው በብረቱ በር ገቡ፤ ነጠላቸውን መስቀለኛ እንደለበሱ፣ ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነው። አባቴን አይተው፣ እኔን አይተው፣ ነገሩ ገባቸው መሰለኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምነው ማለፊያ? አባትን እንዲህ ይጮኹበታል?»

«እትዬ አስካለ፣ ሰሜን በየት በኩል እንደሆነ ነው የጠየቅኋቸው። ሌላ አይደለም። ስልኩ በበሩ በኩል ነው ይላል፣ እሳቸው ሌላ ይላሉ።»

«በዚህ በር በኩል?» አሉ፣ የገቡበትን በር ዞረው እያዩ። «ኧረ በእመቤቴ! በዚህ በኩል እኮ ነው ፀሐይ የምትወጣው። እኔ ለጸሎት የምቆመው ወደ ምሥራቅ ዞሬ ነው፤ እዚህ ሰፈር ሃያ ዓመቴ፣ ጠዋት ጠዋት ፊቴን የምታሞቀኝ በበርሽ በኩል መጥታ ነው። ሰሜን በዚህ በኩል ከሆነ እኔ ሃያ ዓመት ወዴት ስጸልይ ኖሬያለሁ?»

አባቴ ከጋቢያቸው ውስጥ ሳል የመሰለ ሳቅ ሳቁ።

እኔ ግን ግትር ነኝ። በዚያ ላይ አፍሬያለሁ፤ አሥራ ስድስት ዓመት በዚህ ከተማ ነድቼ ምሥራቅን ከሰሜን አልለየሁም። ለእኔ ከተማው ቀኝ፣ ግራና ፌርማታ ነው፤ ፀሐይዋን የማውቃት ዓይኔን ስትወጋኝ መጋረጃ በማወርድበት ሰዓት ነው። ስልኩን እንደገና ከፈትኩ። ቀዩ ጽሑፍ መጣ። በዚህ ጊዜ አነበብኩት። «ኮምፓሱ ተዛብቷል። በአቅራቢያ ማግኔት ካለ ያርቁ። ስልኩን በአየር ላይ እንደ ስምንት ቁጥር ያንቀሳቅሱ» ይላል። ሁለት ጊዜ የዘጋሁት ይህንኑ ነው።

ሽፋኑን አውልቄ ወረወርኩት። ከብረቱ በር ራቅ ብዬ ግቢው መካከል ቆምኩና ስልኩን እንደ እብድ በአየር ላይ ማወዛወዝ ጀመርኩ።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አሉ አባቴ። «ዝንብ ነው የምታባርሪው?»

«ይተዉኝ አባዬ!»

ስልኩ ላይ ያለው ሰማይ በአንዴ ዞረ። ሁሉም ከዋክብት እየተንሸራተቱ ሄዱና የሰሜን ኮከብ በጎረቤት ጣሪያና በበርሜሉ መካከል፣ ልክ በዚያችው በምታበራዋ ነጥብ ላይ ተቀመጠ። ስልኩን ዝቅ ሳደርግ ኮከቡ አለ። ከፍ ሳደርግም አለ።

 

ሰው ሲሸነፍ ሌላ ጥግ ይይዛል አይደል? «እሺ» አልኩ፣ «ሰሜኑስ ይሁን። ኮከቡ ከፍ ብሏል ያሉኝስ? ኮከብ ከፍ ይላል?»

አባቴ ተነሱ። ቀኝ እጃቸውን ወደ ኮከቡ ዘርግተው ጨበጡ። የታችኛውን ጭብጥ ዓይናቸው ትክክል፣ ሜዳ ቢሆን ሰማይና ምድር በሚገናኙበት ልክ አደረጉና፣ በላዩ ግራ እጃቸውን፣ በዚያ ላይ እንደገና ቀኛቸውን እየደረቡ ቆጠሩ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እዚህ ሦስት ጭብጥና ትንሽ ነው። ሱዳን ሜዳው ላይ አንድ ተኩል ነበር። ያኔ ዝቅ ያለ ነበር፤ ግመል የቆመ እንደሆነ ይሸፍነዋል። እዚህ በአውሮፕላን አምጥተውን በመጀመሪያው ማታ ስፈልገው አጣሁትና ደነገጥኩ። ለካ ከላይ ነው።»

«ላም አለኝ በሰማይ» አልኩ በሆዴ። ካርታው ላይ ግን ቦታ መቀየር የሚቻልበት መስመር አለ። ሱዳን ውስጥ መጠለያው አጠገብ የነበረውን ከተማ ስም ጻፍኩና ነካሁት።

ኮከቡ ወደቀ። ዓይኔ እያየ ከጣሪያው በታች ወርዶ መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ጎኑ ላይ ከፍታው ተጽፏል፤ አሥራ አራት ዲግሪ ይላል። ወደ ኢየሩሳሌም መለስኩት፤ ሠላሳ ሁለት ሊሆን ጥቂት የቀረው። እጄን ዘርግቼ የራሴን ጭብጥ ከስልኩ ጋር አስተያየሁት። አንድ ጭብጥ አሥር ዲግሪ ያህል ነው። አንድ ተኩል። ሦስትና ትንሽ። ከአርባ ዓመት በፊት በጨበጡት እጅ የለኩትን አልረሱትም።

ቶፌሱ ላይ በትልልቅ ፊደል የጻፍኩት ነገር ትዝ አለኝ።

«አባዬ» አልኩ፣ ድምፄ ዝቅ ብሎ። «ይህን ሁሉ ካወቁ፣ ቤተ መቅደሱ በየት በኩል እንደሆነም ያውቃሉ ማለት ነው።»

«አላውቅም እንዴ? በበሩ በኩል፣ ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ። ጠዋት ጠዋት ወደዚያ ነው የምዞረው። አንቺ ሥራ ነሽ፣ አታይኝም።»

«ታዲያ ማታስ? ለምንድን ነው ለኮከቡ ጀርባ የሚሰጡት?»

«ልጄ፣ አንቺ ሁልጊዜ ‹በዚህ ይዙሩ፣ በዚያ ይዙሩ› ትይኛለሽ። ወደ ማን እንደዞርኩ ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከእኔ ቀድመው ገብቷቸዋል።

«ከወገራ ስንወጣ» አሉ አባቴ፣ «ለእናትሽ ያስተማርኳት አንድ ነገር ነው። ከተለያየን፣ ከጠፋሽ፣ ኮከቡን ፊት ለፊትሽ አድርጊና ሂጂ፣ ኢየሩሳሌም በዚያ ነው አልኳት። የቀበርናት ጊዜ ምልክት የሚሆን ድንጋይ እንኳ አልነበረም፤ አሸዋ ነው። ሰዉ ብዙ ነበር የሚሞተው። እኔ ያለኝ ኮከቡ ብቻ ነው። መቃብሯ ላይ ቆሜ ሳየው ፊት ለፊቴ ነበር፤ እንግዲህ ወደዚያ ከሄድኩ እሷ በቀጥታ ከጀርባዬ ናት አልኩ። እዚህ ከደረስኩ ወዲህ ኮከቡን አገኘዋለሁ፣ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ፣ ፊቴ እሷ ጋ ነው። እዚህ ሄርዝል ተራራ ላይ በሱዳን መንገድ ለቀሩት መታሰቢያ አለ፣ በየዓመቱ እሄዳለሁ። ግን እሷ እዚያ የለችም።»

የመሬቱን ካርታ ከፈትኩ። ከኢየሩሳሌም ጣቴን በቀጥታ ወደ ታች፣ ወደ ደቡብ አወረድኩ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሬ፣ በረሃውን አቋርጬ። ጣቴ ያንኑ ከተማ ነካ። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ብዙ አላለም።

«ታዲያ ማታ ማታ ‹የሺ› የሚሉኝስ?»

«አንቺንማ ማለፊያ ነው የምልሽ» አሉ። «ከእሷ ጋር ሳወራ ነው የሰማሽኝ።»

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እትዬ አስካለ ትከሻዬን ያዙኝ እንጂ «አይዞሽ» አላሉኝም፤ ጥሩ አደረጉ። ከዚያ ቶፌሱን አንስቼ አራቱን ነገሮች፣ የስሙን፣ የጸሎቱን፣ የኮከቡንና የሰሜኑን፣ በእስክሪብቶ ሰረዝኩ፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ።

በነጋታው ሐኪሙ ያንን ወረቀት አገላብጦ «ይህ ሁሉ የተሰረዘው ለምንድን ነው?» አለኝ። «የፈተነው ሰው ስለተሳሳተ ነው» አልኩት። አባቴን ቀኑን ጠየቃቸው፤ ሰኞን ሐሙስ አሉ። የት እንዳሉ ጠየቃቸው፤ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ከተማውን፣ ሰፈሩን፣ በሩ በየት በኩል እንደሚያይ ነገሩት። መርሳቱ ጀምሯቸዋል፣ ይህ አልተካደም። ግን ቤት ይቆዩ ተባለ፤ ረዳትም ተፈቀደልን። እኔም የጠዋቱን ሥራ ተውኩና የቀኑን ያዝኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ስልክ አትመኑ ልላችሁ አይደለም። ስልኩ ምን በደለ? ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ ብሎ ነግሮኛል፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። አባቴም ነግረውኛል። የሚያበሽቀኝ ይህ ነው፣ እስከ ዛሬም። የሰውን አቅጣጫ መጥፋት እየመዘገብኩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስጽፍ፣ አንድ ጥያቄ አልጠየቅኩም። ቤታችሁ ውስጥ ለግድግዳ የሚያወራ ሽማግሌ ካለ፣ ሐኪሙም ይታይ፣ ቶፌሱም ይሞላ። ግን መጀመሪያ ከማን ጋር እንደሚያወሩ ጠይቋቸው።

ባለፈው ወር ከሥራ ስመለስ አባቴ ግቢው መካከል ቆመው አገኘኋቸው። ወንበሩ ቦታው ላይ የለም። ዓይናቸው ደክሟል፤ ፊታቸው ወደ ብረቱ በር ዞሯል።

«የት ነች?» አሉኝ። ማን መሆኔን ያወቁ አልመሰለኝም።

ሐኪሙ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠይቀኝ አቅጣጫ ይጠፋቸዋል ብዬ እጽፋለሁ፤ እውነት ነውና። ያን ማታ ግን ስልኬን አላወጣሁም። ወደ ጥጉ ወሰድኳቸው፣ እጃቸውን ዘርግቼ አስጨበጥኳቸውና አብረን ቆጠርን፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ትከሻቸውን ይዤ ቀስ ብዬ አዞርኳቸው።

«ይኸው አባዬ። እዚህ ናት።»

«የሺ» አሉ።

እኔም ከጎናቸው ቆሜ፣ ጀርባዬን ለኮከቡ ሰጥቼ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «እማዬ» አልኩ።